የመጀመሪያው ውኃ

እኛ ልብስ ማጠቢያ ቤት ውስጥ ስሟን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው። ሁሉም «ተኳሿ» ይላታል። አንድ ጊዜ አለቃችን አዲስ የተቀጠረውን ዘበኛ «ሂድና ተኳሿን ጥራልኝ» ቢለው፣ ሰውዬው ምን ዓይነት ቤት ውስጥ እንደ ገባ ግራ ገብቶት ባለበት ቆሞ ቀረ። ከእንፋሎቱ መሃል አጭር፣ ደልደል ያለች፣ መነጽሯ ጉም የለበሰ ሴትዮ ካውያዋን እንደ ያዘች ብቅ ስትልለት ጊዜ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች። «አይዞህ፣ የምተኩሰው ሸሚዝ ነው፤ እስካሁን የሞተ የለም» አለችው።

በዚህ ሥራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ነው የቀራት። የአንገትጌ ጫፍ በአውራ ጣቷ ዳበስ አድርጋ ያ ሸሚዝ ስንት ጊዜ እንደ ታጠበ፣ ባለቤቱም ሲያስብ አንገቱን የሚያክ ሰው መሆን አለመሆኑን ትነግራችኋለች። እኔ ከፊት ለፊት ልብስ እቀበላለሁ፣ ቁጥር እለጥፋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የካውያዋን እስትንፋስ ከጀርባዬ ስሰማ ኖሬአለሁ። የማወራችሁን አብዛኛውን የሰማሁት ከራሷ አፍ ነው። የቀረውን ደግሞ እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ከእሷ ኋላ ባለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ተኳሿ ልብስ መተኮስ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ የምትሠራው፣ ደመወዝ የሌለው ሌላ ሥራ አላት። ዓርብ ከሥራ ስትወጣ ወደ ቁምስናችን፣ ማለት ወደ ሰፈራችን የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ ጎራ ትልና ከንዋየ ቅድሳቱ ክፍል አንዲት ትንሽ ከረጢት ትቀበላለች። ከረጢቷ ውስጥ የሳምንቱ የመሠዊያ ጨርቆች አሉ፤ ካህኑ ጽዋውን የሚጠርጉበትና ከጽዋው ሥር የሚነጠፈው። ይህ ጨርቅ እንደ ሌላው ጨርቅ አይታጠብም። ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የነካ በመሆኑ ጠብታም ሆነ ፍርፋሪ ቀርቶበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ ብቻ ይዘፈዘፋል። ያ የመጀመሪያ ውኃ ደግሞ ከእድፍ ጋር ወደ ቱቦ አይደፋም፤ ሰው ወደማይረግጠው አፈር ይወሰድና ምድር ትጠጣዋለች። ሳሙና የሚነካው ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህ ውኃ የተለየ ጉድጓድ ያላቸው አብያተ ክርስቲያናት አሉ። የእኛዋ ግን በሁለት ሱቆች መሃል የተጣበቀች፣ ግቢዋ ሁሉ ሲሚንቶ የሆነ ትንሽ ቤት ናት። ስለዚህ ተኳሿ ጨርቆቹን ቤቷ ወስዳ፣ ቅዳሜ በዕረፍት ቀኗ፣ ለዚሁ ብቻ በተለየች ነጭ ሳፋ ታጥባለች።

አተኳኮሷን ብታዩ። የጽዋውን መጥረጊያ ማጠንከሪያ አታስነካውም፤ የጠነከረ ጨርቅ ጠብታ አይጠጣም ትላለች። እርጥብ እንዳለ በጀርባው ትተኩሰዋለች፤ ያኔ በቀይ ክር የተጠለፈችው ትንሽ መስቀል በፊቱ በኩል ከፍ ብላ ትቆማለች። እጥፋቱንም ካውያ አታስነካውም፣ በጣቷ ብቻ ነው የምታጥፈው።

ችግሩ ቤቷ ሦስተኛ ፎቅ ላይ መሆኑ ነው። አፈር ያለው ደግሞ ታች ነው። በየቅዳሜው ውኃ የሞላ ሳፋ በሁለት እጇ ይዛ ያንን ሁሉ ደረጃ ትወርዳለች። ባሏ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም። «የሰው ሚስት ውኃ ከታች ወደ ላይ ትሸከማለች፤ የኔዋ ከላይ ወደ ታች» ይላል፣ ሰው በተሰበሰበ ቁጥር። ቢሆንም የሕንፃውን በር ሮጦ የሚከፍትላት እሱ ነው።

ከሕንፃው ግርጌ፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ ቤት፣ አንድ መምህር ይኖራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ጂኦሜትሪ ያስተማሩ፣ ሚስታቸው ከሞተችባቸው የቆዩ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሰው ናቸው። ቤታቸው ዝቅ ያለ በመሆኑ መስኮታቸው በግቢው በኩል ሲታይ ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይልም። ከመስኮቱ ሥር አንዲት ጽጌረዳ የቆመችባት አፈር አለች። ቤተ ክርስቲያን አይሄዱም። «ያልተረጋገጠ ነገር ላይ አልፈርምም» ይሉ ነበር እየሳቁ፤ ከተኳሿ ባል ጋር በዚህ ጉዳይ ሲከራከሩ ውለው ሁለቱም ሳይቀየሙ ይለያዩ ነበር።

ከአምስት ዓመት በፊት ተኳሿ የመጀመሪያውን ውኃ የምታፈስሰው ከዚያች ጽጌረዳ ሥር ነበር። አንድ ቅዳሜ መምህሩ ሦስተኛ ፎቅ ድረስ ወጥተው አንኳኩ። በሁለት እጃቸው እርጥብ ወረቀት ታቅፈዋል። ውኃው በግድግዳው ስንጥቅ ሾልኮ ወለላቸው ላይ የደረደሩትን ጽሑፍ አበላሽቶታል። ለተማሪዎች ብለው በእጃቸው የሚጽፉት መጽሐፍ ነበር፣ የሁለት ዓመት ድካም። ሦስት ማዕዘኑም ክቡም ተቀላቅሎ ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል።

ይቅርታ ማለት ነበረባት። ግን ደነገጠች፤ የደነገጠ ሰው ደግሞ አፉ ያመጣለትን ይናገራል።

«መምህር፣ ይህ ውኃ እኮ የተቀደሰ ነገር የነካ ነው። አይጎዳም» አለች።

«ቀለሙ ይህን አልሰማም» አሉ መምህሩ፣ ወረቀቱን ከፍ አድርገው።

ባሏ ከኋላዋ ሆኖ ሳቀ። ያ ሳቅ አናደዳት። የተናደደችው በባሏ ነበር፣ ቃሉ የወደቀው ግን በመምህሩ ላይ ነው።

«እግዚአብሔር የሌለበት ወረቀት ቢጠፋ ምን ይጎድላል» አለች።

መምህሩ ዞረው ወረዱ። ከወረቀታቸው የሚንጠባጠበው ውኃ በየደረጃው ላይ ሰማያዊ ነጥብ እየጣለ ሄደ። ያን ነጥብ በማግስቱ ተንበርክካ ያጸዳችው ራሷ ነች፤ ከደረጃው ለቀቀ፣ ከልቧ ግን አልለቀቀም። መምህሩ ስንጥቁን በገዛ እጃቸው ለሰኑት። እሷም የመጀመሪያውን ውኃ ከሕንፃው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ መሬት ማድረስ ጀመረች። በር ላይ ሲገናኙ እሳቸው ወደ ግራ፣ እሷ ወደ ቀኝ። አምስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

አሁን ወደማወራችሁ ቅዳሜ ልምጣ። ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ ኑዛዜ ገብታ ያን ቃል ለመጀመሪያ ጊዜ በስሙ ጠርታ ተናዘዘችው። እስከዚያ ድረስ «ተቆጥቻለሁ» እያለች ነበር የምታልፈው። አባታችን አዳምጠው አዳምጠው ሲያበቁ የሰጧት ንስሐ ቀላል ነበር።

«አንቺ የምታጥቢው የሰላምን ጨርቅ ነው» አሏት። «እስቲ ውረጂና ጎረቤትሽን ‹እንደምን አደሩ› በያቸው። ሌላ አልጨምርብሽም።»

ቀላል ይመስላል። ሦስት ጊዜ ወርዳ ከመምህሩ በር ፊት ቆመች። ሦስቱንም ጊዜ የሬዲዮኑን ድምፅ ሰምታ ተመለሰች። የጋለ ብረት ስትይዝ የኖረች እጅ አንድ የእንጨት በር ማንኳኳት አቃታት። ከዚያ ወዲህ ቅዱስ ቁርባን መቀበል ተወች። የከለከላት የለም፤ ራሷ ናት የቀረችው። ሦስት እሁድ ተከታትሎ ሰው ሁሉ ሲነሣ እሷ አግዳሚዋ ላይ ተቀምጣ ጉልበቷን ስታሽ አይቻታለሁ። ያ የታመመ ጉልበቷ ብሶባት መስሎኝ ነበር።

ዓርብ ምሽት ለባሏ ውሳኔዋን ነገረችው። እስከ እሁድ ድረስ መምህሩን ማናገር ካልቻለች ከረጢቱን ለንዋየ ቅድሳቱ ኃላፊ ለሲስተር መልሳ ታስረክባለች። የማትበላውን ማዕድ ጨርቅ ማጠብ ግብዝነት ሆኖባታል። ባሏ ይህን ሲሰማ ቀልዱን ዋጠ። «ሰውዬው እኮ ሰማንያ ሊሞላቸው ነው» አላት። «አንቺ ስትፈሪ እሳቸው ቢሞቱ ከማን ጋር ልትታረቂ ነው?»

ጠዋት ጨርቆቹን ዘፈዘፈች። ሳፋውን ይዛ ወረደች። ወደ ሕንፃው ጀርባ ስትዞር ግን ያቺ ጠባብ መሬት የለችም። አሸዋ ተቆልሎባታል፣ የሲሚንቶ ከረጢት ተደርድሮባታል፣ ሦስት ሰዎች በአካፋ ያቦካሉ። የፍሳሽ መስመሩን ሊጠግኑ ሰኞ ይመጣሉ የተባሉት ግንበኞች ናቸው። አሸዋ የጫነው መኪና ሊያራግፍ የሄደበት ሌላ ቦታ በሩ ተዘግቶ ስለ ጠበቀው «እንግዲያው ያንን እናስቀድም» ተባብለው ቅዳሜ መጡ።

የግንበኞቹ አለቃ ሳፋዋን አየና እጁን ዘረጋ። «እናቴ፣ ለእኛ ይዘውልን መጡ? እግዜር ይስጥልን፣ እናቦካበታለን።»

ሳፋውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ይሄ አይሆንም ልጄ።»

«ውኃ አይደለም እንዴ?»

«ውኃማ ውኃ ነው።»

ግንበኛው ጓደኞቹን አየ፣ ጓደኞቹ እሱን አዩት። ሴትዮዋ ጤና የላትም ብለው ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ከመንገዱ ማዶ የሕዝብ መናፈሻ አለ። ሐኪም ግን ለጉልበቷ ደረጃውንም ቀንሺ ብሏታል፤ ውኃ የሞላ ሳፋ ይዞ ያን የመኪና መንገድ መሻገር አይታሰብም። የቀረው አፈር የጽጌረዳዋ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ለማፍሰስ ደግሞ ፈቃድ መጠየቅ አለባት። ፈቃድ ለመጠየቅ ማንኳኳት አለባት። እዚያው ቆማ ሳቀች፤ መሳቋን ስትነግረኝ ታፍራለች። «እግዚአብሔር ጥግ አስያዘኝ» ነው ያለችኝ።

ሳፋውን መሬት አስቀምጣ አንኳኳች። ከውስጥ አንድ ሰው ስለ ነገው የአየር ጠባይ በሬዲዮ ያወራል። «መምህር፣ እኔ ነኝ፣ ከሦስተኛ ፎቅ። እንደምን አደሩ» አለች። ንስሐዋን ፈጸመች ማለት ነው። ሬዲዮኑ ዝናብ አይጠበቅም አለ፤ ሌላ የመለሰላት አልነበረም። ደግማ አንኳኳች። ሦስተኛም።

ፊቷ ጋለ። ሰምተዋት ዝም እንዳሏት አልተጠራጠረችም፤ መብታቸውም ነው ብላ አሰበች። ሳፋውን አንሥታ ወደ ደረጃው ተመለሰች። አራት ደረጃ ወጣች። እቤቷ ማጠቢያ አለ፣ ቱቦ አለ፣ የሚያይ የለም። ነገ ከረጢቱን ካስረከበች ወዲያ የመጀመሪያ ውኃ የት ተደፋ ብሎ የሚጠይቃትም የለም። አራተኛው ደረጃ ላይ ቆማ እግሯ አልታዘዝ አላት። እንዴት እንደ ሆነ ብዙ ጊዜ ጠይቄአታለሁ። ራእይ አላየችም፣ ድምፅ አልሰማችም። «አልለመድኩትም፣ ያ ብቻ ነው» ትላለች። ሠላሳ ዓመት ያልተደረገ ነገር እጅ ላይ ይከብዳል።

ወረደች። ከጽጌረዳዋ ሥር፣ ከግድግዳው በተቻላት መጠን ራቅ አድርጋ፣ ሳፋውን ቀስ ብላ አዘነበለች። ፀሐይ ያደረቀው አፈር ውኃውን ቶሎ አልጠጣ አለ። ውኃው መሬቱ ላይ ተንከባለለ፣ መንገድ ፈለገና ወደ ግድግዳው ሄደ። በእጇ ልትገድበው ጎንበስ ስትል ግድግዳው ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ዝም። እንደገና ሦስት።

ተቆጥተው ነው አለች በልቧ። እንደገና ጀመረች ብለው ነው። «ይቅርታ መምህር፣ ጨርሻለሁ፣ ጨርሻለሁ» እያለች ሳፋዋን ታቀፈች። መንኳኳቱ አልቆመም። ለመሸሽ ዞራም ነበር። ያኔ ባሏ በትናንትናው ምሽት ያላት ነገር ትዝ አላት፤ ከማን ጋር ልትታረቂ ነው? ቢሰድቧትም ፊታቸውን እያየች ትሰደብ። መስኮቱ ደግሞ ከቁርጭምጭሚት ከፍ አይልም። ያንን የታመመ ጉልበቷን አጥፋ እርጥቡ አፈር ላይ ተንበረከከች፣ ፊቷን መስተዋቱ ላይ አስጠጋች።

መጀመሪያ ያየችው አልጋው ነው፣ ባዶ። ከዚያ የተገለበጠ ወንበር። ከዚያ ልክ ከመስኮቱ ሥር፣ ከግድግዳው ተጣብቆ፣ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ክብ የሚሠራበትን የእንጨት ኮምፓስ የጨበጠ እጅ። ከእጁ በላይ የመምህሩ ፊት ነበር፤ ጉንጫቸውን ከግድግዳው ጋር አጣብቀዋል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በስንጥቁ የገባውን ውኃ ይልሱ ነበር።

ሐሙስ ማታ አምፖል ሊቀይሩ ወንበር ላይ ወጥተው ወድቀዋል። የጭን አጥንታቸው ተሰብሯል። ቧንቧው ከክፍሉ ወዲያኛው ጫፍ ነው፣ ሊደርሱበት አልቻሉም። በደረታቸው እየተሳቡ የሰው ኮቴ ወደሚሰማበት ወደ መስኮቱ ሥር ደረሱ። ዓርብን ሙሉ አንኳኩ። ሬዲዮናቸው ግን ሌት ተቀን ይጮሃል፤ በዚያ ያለፈ ጎረቤት ሁሉ «መምህር አሉ» ብሎ አለፈ። ቅዳሜ ጠዋት ጉሮሯቸው ደርቆ ድምፃቸው ጠፍቶ ነበር።

ተኳሿ እየጠራች ወደ ጀርባ ሮጠች፤ መሮጥ ከተወች ስድስት ዓመቷ ነው። ግንበኞቹ ድጅኖአቸውን ይዘው መጡ። ሰኞ ቢመጡ ኖሮ ያን በር የሚሰብር ጉልበት በሕንፃው ውስጥ አልነበረም፤ ያሉት ባሏና ሁለት ባልቴቶች ናቸው። በሩ በሁለተኛው ምት ተከፈተ። እሷ ከሁሉ ቀድማ ገባች፣ ሻሿን ከራሷ ፈታ ከቧንቧው አራሰችና አጠገባቸው ተቀመጠች።

«መምህር፣ ይቅር ይበሉኝ፣ ያን ቀን...»

«ቆይ» አሉ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ። «መጀመሪያ ውኃ።»

ግንበኛው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ፊቱን አዙሮ ዓይኑን ጠረገ። አምቡላንስ እስኪመጣ ሻሹን እያራሰች ከንፈራቸውን ስታብስ ቆየች።

ያን ዕለት ከሰዓት፣ ለቀዶ ጥገና ሊያስገቧቸው ሲዘጋጁ፣ ነርሷ አምስት ደቂቃ ፈቀደችላት። ምን ማለት እንዳለባት አምስት ዓመት ስታዘጋጅ ኖራ ሁሉም ጠፋባት። ቃሉን ብቻ፣ እንደ ተናገረችው፣ ደገመችላቸው። ከዚያ «ያልኩት እኔ ነኝ፣ ይቅር ይበሉኝ» አለች።

መምህሩ ጣሪያውን ሲያዩ ቆዩ። «ቃልሽን አምስት ዓመት ተሸክሜዋለሁ» አሉ። «ሲከብደኝ ጊዜ አንድ ቀን መልሼ ላሸክማት እል ነበር። አሁን ጉልበቱ የለኝም። እዚሁ ይውደቅ።» ፊታቸውን ወደ እሷ መለሱና፣ «እኔም እኮ ያን ደረጃ መውጣት እችል ነበር። ምን ነበር ብወጣ» ብለው ጨመሩ።

እጃቸውን ሳመች። ነርሷ አልጋውን ገፋች።

መምህሩ ተርፈዋል፤ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ። በማገገሚያቸው ወራት የተኳሿ ባል ሾርባ በቴርሞስ ሲያመላልስ፣ እሷ ልብሳቸውን ስትተኩስ፣ የሆነውን ሁሉ ደጋግመው ተነጋገሩበት። አንድ ቀን መምህሩ እርሳስና ወረቀት ጠየቁ። መኪናው ሰኞ ሳይሆን ቅዳሜ መምጣቱን ጻፉ። የሌላው ቦታ በር መዘጋቱን፣ አሸዋው በዚያች መሬት ላይ መውደቁን፣ ጉልበቷ መታመሙን፣ አራተኛው ደረጃ ላይ መመለሷን፣ ልስናቸው መሰንጠቁን። «ይህኛው የኔ ሥራ ነው» አሉ፤ «ግንበኛ ብጠራ ኖሮ ሞቼ ነበር።» እያንዳንዱ ብቻውን ሲታይ ተራ ነገር ነው አሉ። ሁሉም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ ስንጥቅ ላይ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚሆን ሊያሰሉ ጀመሩ። ወረቀቱ ሞላ። ገለበጡት፣ ጀርባውም ሞላ።

«እንግዲህ ተረጋገጠ?» አለ የተኳሿ ባል፣ ሊያሾፍባቸው።

«ማረጋገጫ አይደለም» አሉ መምህሩ። እርሳሳቸውን አስቀመጡ። «ማስተባበያ ግን የለኝም።» ወረቀቱን አጠፉና ስለዚያች ሰዓት ያልተናገሩትን ነገሯት። «በሩን ስታንኳኪ ሰምቻለሁ። ‹እንደምን አደሩ› ስትይም ሰምቻለሁ። ልመልስ ብል አፌ አልከፈት አለኝ፤ ባንኳኳም ሬዲዮኑ ድምፁን ዋጠው። እግርሽ ሲርቅ አበቃ ብዬ ኮምፓሱን ለቀቅሁት። ከዚያ ግድግዳው አነባ። ጉንጬ ራሰ። ውኃ ካለ ያፈሰሰው ሰው አለ ብዬ አሰብኩ፤ ያን ጊዜ ነው ኮምፓሱን መልሼ ያነሣሁት።»

ስለ እግዚአብሔር መግቦት ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ኖሬአለሁ፤ ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ከመጽሐፍ የለቀምኩ ሰው ነኝ። በመጽሐፍ ውስጥ መግቦት ሰፊ ነው፤ ከዋክብትን ይመራል፣ ነገሥታትን ይሽራል። እኔ ግን አሁን ቃሉን ስሰማ የሚታየኝ በደረቅ አፈር ላይ መንገድ የሚፈልግ ውኃ ነው። እሷ ከግድግዳው ልታርቀው ትታገላለች፣ እሱ ደግሞ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ይህን ሳስብ ፀጉሬ ይቆማል። ስንት ጊዜ ይሆን እኔም በእጄ ልገድበው ጎንበስ ያልኩት?

ያቺን እሁድ ልንገራችሁና ላብቃ። ተኳሿ ከሆስፒታል ስትመለስ መሽቶ ነበር። ጨርቆቹን አጠበች እንጂ መተኮሻ ጊዜ አላገኘችም። እሁድ ጠዋት በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨማደደ ጨርቅ ይዛ ንዋየ ቅድሳቱ ክፍል ገባች። አባታችን ለቅዳሴ ሊለብሱ ነበር። ስለ ጨርቁ ይቅርታ ጠየቀች፣ የሆነውን ሁሉ አጫወተቻቸው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሌሊቱን ሲከነክናት ያደረውን ጠየቀች። ያ ውኃ አፈር እንጂ ሰው ሊጠጣው አይገባም ነበር። ሰውዬው ደግሞ አያምኑም። ኃጢአት ሆነብኝ ወይ አለች።

አባታችን የያዙትን ልብሰ ተክህኖ አስቀመጡት። እኔ በሩ ላይ የመዝሙር ወረቀት ልወስድ ቆሜ ነበርና ፊታቸውን አይቻለሁ። ሰው ሲደነቅ ሽማግሌም ሕፃን ይመስላል።

«ምድር ትጠጣው ብለን ነው የምንሰጣት» አሉ በመጨረሻ። «ሰውስ ከምን ተሠራ?»

እሷም ወጥታ በቦታዋ ተቀመጠች።

የቁርባን ሰዓት ሲደርስ የፊተኛው ረድፍ ተነሣ፣ ቀጥሎ የእሷ ረድፍ። ጉልበቷ ከትናንቱ መንበርከክና ሩጫ አብጦ ነበር። አንድ እጇን አግዳሚው ላይ፣ ሌላውን ባሏ ትከሻ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ ተነሣች። ባሏ «ይዤሻለሁ» ሲላት ሰማሁት። ሁላችን ከኋላዋ ቆመን ጠበቅናት። ማንም አልቸኮለም። ትንሽ እርምጃ እየረገጠች፣ በመሃል አንድ ጊዜ አረፍ እያለች፣ ፊቷ በእንባ ርሶ ሳትጠርገው ሄደች። አባታችንም ቅዱስ ቁርባኑን ይዘው ከመሠዊያው ወርደው፣ ሁለት እርምጃ ወደ እሷ መጡ።